ኮሶ ጠጥቶ የበረረው አሻግሬ

አውሮፕላን ማብረር የሰማይ ሥራ ነው ያለው ማነው? አፉን ይዝጋ! አሻግሬ ገብረጻድቅን ቢጠይቁት፣ አብራሪነት ከሁሉ በፊት የሽታ ሥራ ነው። የቤንዚን ሽታ፣ የተቃጠለ ዘይት ሽታ፣ የስንቱ ሰው ራስ ያላበው የቆዳ ቆብ ሽታ። ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ የትውከት ሽታ፣ እሱም የራሱ።

አሻግሬ የአቃቂ ልጅ ነው። አባቱ አቶ ገብረጻድቅ በባቡር ጣቢያው ስልክ ላይ ይሠሩ ነበር። ልጃቸው በንጉሡ ጊዜ የበረራ ትምህርት ቤት ተፈትኖ ያለፈ ዕለት፣ በዚያው ስልክ ወሬውን ለየጣቢያው ሁሉ አዳረሱት። ሞጆ ሰማ፣ አዋሽ ሰማ፣ ድሬዳዋም ሰማ። አሻግሬም ቢሆን ልቡ አብጦ ነበር። ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ኮፍያውን ወደ ጎን ጣል አድርጎ ከባቡር ሲወርድ የሰፈሩ ቆንጆዎች ሲጠቃቀሱ በዓይነ ሕሊናው ይታየው ነበር። የት አውቆ!

የጠበቀችው ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ሞተሯ ሲነሳ እንደ ወንፊት የምትንቀጠቀጥ መለማመጃ አውሮፕላን ናት። አስተማሪው ካፒቴን ጉተማ ከኋላ ተቀምጠው ሽቅብ ይወስዱታል፣ ቁልቁል ይለቁታል፣ በጎን ይገለብጡታል። የአሻግሬ ሆድ ግን አንዱንም አልተቀበለውም። በመጀመሪያው ቀን ጉልበቱ ላይ ተፋ። በሁለተኛው መሪው ላይ። በሦስተኛው ነፋሱ መልሶ ፊቱ ላይ ለጠፈለት፤ ኤጭ! የትምህርት ቤቱ ደንብ ደግሞ የተፋ ያጥባል ነው። ባልዲና ብሩሽ ይዞ የመቀመጫውን ስፌት ሲፈትግ፣ ባልንጀሮቹ ክንፏ ጥላ ሥር ተቀምጠው «ሽንብራውን በደንብ አላኘክኸውም» እያሉ ይስቁበታል። እጁ ሳሙና ጨርሶ እንኳ አይጠራም። ዳቦ ወደ አፉ ባስጠጋ ቁጥር ያው ሽታ ቀድሞት ስለሚመጣ ምሳውን ለውሻ መስጠት ለመደ። ሰው ለዚህ ብሎ ይማራል? ጠላው፣ ከልቡ ጠላው። ግን በስንት ጣቢያ ስሙ ተጠርቶ እንዴት ብሎ ይመለስ!

አንድ ቅዳሜ ካፒቴን ጉተማ ጠሩትና ፊት ለፊት ነገሩት። «እጅህ ጥሩ ነው፤ ሆድህ ግን አስቸገረን። ሰኞ አብረን እንወጣለን። አሁንም ከተፋህ ልብስህን አስረክበህ ወደ አባትህ ትሄዳለህ።»

ቤት ገብቶ ለእናቱ ለወይዘሮ አስካለማርያም ቢነግራቸው፣ እሳቸው ነገሩን ቀድመው ጨርሰውት ኖሯል።

«አየሩ ምን በወጣው! የሚያቅለሸልሽህ ኮሶ ነው» አሉት። «በየሠርጉ ጥሬ ሥጋ ስትቆርጥ ከርመህ፣ ትሉ ሆድህ ውስጥ አጥር ግቢ ሠርቶ ተቀምጦ፣ እንዴት አያስተፋህ?»

እሁድ በማለዳ ኮሶውን አልመው፣ በጥብጠው፣ አፍንጫውን አስይዘው አስጠጡት። ወይ ኮሶ! ምሬቱስ እሺ፤ ጉሮሮ ላይ የሚቀረው ሻካራ ዝቃጭ ነው የሚያንገሸግሸው። ዋለ፣ አልወረደም። መሸ፣ አልወረደም። ሰኞ ጎህ ሲቀድ እናቱ ኩባያውን እንደገና ሞልተው ከአልጋው ጫፍ ቆሙ።

«እማዬ፣ ዛሬ እኮ እበራለሁ!»

«ያልወረደ ኮሶ ይመርዛል። ጠጣ ብዬሃለሁ!»

ጠጣና ባቡር ተሳፈረ። መንገዱን ሙሉ ግንባሩ ላይ ቀዝቃዛ ላብ ቸፍ ቸፍ ይልበት ነበር።

ካፒቴን ጉተማ አውሮፕላኗ ሥር ጠበቁት። ከመውጣታቸው በፊት ሁልጊዜ የሚጠይቁትን ጠየቁት። «ደህና ነህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

አላሰበበትም እኮ! ባገራችን ሰው ቃሬዛ ላይ ተኝቶም ደህና ነህ ወይ ቢሉት ይመስገን ነው የሚለው። ካፒቴኑ ግን ሰላምታ እየሰጡት አልነበረም።

ወጡ። ገለበጡት፣ አንዘቀዘቁት፣ አሽከረከሩት። ወደ ላይ የመጣ ነገር የለም፤ በሆዱ ያለው ሁሉ መንገዱን ወደ ታች አድርጓል። አሻግሬ ጥርሱን ነክሶ መሬት መሬት ብቻ ሲል፣ በዚያ ጥድፊያ አውሮፕላኗን ቀጥ አድርጎ አሳረፋት። ካፒቴኑ ተደሰቱ። ቀበቷቸውን ፈትተው ወረዱና ትከሻውን መታ አደረጉት።

«በል፣ ብቻህን አንዴ ዙረህ ና።»

ተማሪ ሁሉ የሚናፍቃት ቃል ይህች ናት፤ ቀኗ አትነገርም፣ ድንገት ነው የምትመጣው። አሻግሬ ኮሶ ጠጥቻለሁ ለማለት አፉን ከፈተ። ባልንጀሮቹ ቆመው ያያሉ። እዚህ ሰው ሁሉ በእንግሊዝኛ በሚያወራበት ሜዳ፣ እንዴት ተብሎ ኮሶ ይጠራል? ይሉኝታ ያዘው። አፉን ገጥሞ አውሮፕላኗን አስነሳ።

ከላይ ሐዲዱን አየ፣ የታረሰውን ጥቁር መሬት አየ፣ ግን ምኑም አልጣመውም። ሊዞር ክንፏን ሲያዘነብል ሆዱን አንዳች ነገር ጠምዝዞ ያዘው። ዓይኑ ጨለመ። እጁ መሪውን ለቆ ሆዱ ላይ ሄደ፤ አውሮፕላኗም በጎኗ ወደ መሬት መንሸራተት ጀመረች። በዚያች ቅጽበት ከሁለት አንዱን መልቀቅ ነበረበት። ሆዱን ለቀቀው። ምን ይደረግ! ትኩሱ በጭኑ ሲወርድ፣ በራሱ እየተጸየፈ፣ እያለቀሰ፣ ክንፏን አቀና። ሲያርፍ አንዴ ነጥራ ነው የተቀመጠችው።

ባልንጀሮቹ እየጮኹ ባልዲ ይዘው መጡ። ብቻውን የበረረን ሰው ውኃ መድፋት ደንብ ነውና ከራስ እስከ እግሩ አራሱት። እሱም ጨምሩ ጨምሩ ይላል! አንዱ የምሥራቹን ለአቃቂ ጣቢያ ሊደውል ወደ ቢሮ ሮጠ።

ካፒቴን ጉተማ ግን ወደ መቀመጫው ጎንበስ ብለው አፍንጫቸውን ያዙ። ሌሎቹን አባረሩ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ኮሶ ነው ጌታዬ። ዛሬ ጠዋት ነው የጠጣሁት።»

ካፒቴኑ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ደህና ነህ ስልህ ምን አልከኝ? ክንፍህ ሲወድቅ እኔ እዚህ ቆሜ ነፍሴ ወጣች! ትውከት ምን አለበት፣ እኔም ስተፋ ነው የተማርኩት። አሞኛል ብትል መሬት ላይ ትውላለህ፣ ሌላ ምን ትሆናለህ? አንተን ሊገድልህ የነበረው ሆድህ አይደለም፣ ይሉኝታህ ነው። የዛሬው በረራ አይቆጠርም። ድነህ ና። ግን ስጠየቅ እውነቱን እናገራለሁ የምትል ከሆነ ብቻ ና፤ አለዚያ እዚያው ቅር።»

አሻግሬ መቀመጫውን አጠበ። የተውሶ ቱታ ለብሶ፣ በባቡሩ የመጨረሻ ፉርጎ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። አጠገቡ የነበሩት ሰዎች ቀስ በቀስ እየተነሱ ራቁ።

አቃቂ ሲደርስ ጣቢያው በሰው ተጥለቅልቋል። የምሥራቹ ስልክ ቀድሞት ደርሷል፣ ከበሮ ይመታል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ። አቶ ገብረጻድቅ ባርኔጣቸውን አውልቀው እያለቀሱ ወደ ፉርጎው መጡ። «በረርክልኝ ልጄ! በረርክልኝ!»

አሻግሬ ደረጃው ላይ ቆመ። አዎ ቢል ማን ያውቅበታል? ይመስገን ብሎ ወርዶ መታቀፍ ብቻ ነበር የቀረው። ያ መራራ ዝቃጭ አሁንም ጉሮሮው ላይ አለ።

«አልተቆጠረልኝም አባባ» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ኮሶ ጠጥቼ ደህና ነኝ ብዬ ዋሸሁ። ሱሪዬ ላይ ለቀቅኩት። አውሮፕላኗን ልከሰክሳት ነበር።»

እልልታው ቀጥ አለ። ከበሮ መቺው እጁን አየር ላይ እንዳነሳ ቀረ። ወይዘሮ አስካለማርያም ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ተጠጉት። «ምነው ልጄ፣ ምነው! ይሄ በሰው ፊት ይነገራል?»

«ይነገራል እማዬ» አላቸው። «በሕይወት እንድመለስልሽ ከፈለግሽ ይነገራል።»