የረግረጓ ተክልና የወርቅአየሁ ክር

ጋሽ አሰግድ አንድ ወሬ ከጀመሩ ማቆሚያ የላቸውም። ሞያሌ ውስጥ፣ በኬንያ በኩል ካለው ሱቃቸው ገብቶ ሳሙና የሚገዛ ሰው ስለ አንዲት የረግረግ ተክል ሳይሰማ አይወጣም። የከባድ መኪና ሾፌሮች እንኳ ያውቋታል። አበባ የላት፣ ፍሬ የላት፤ ጭቃ ላይ እየተሳበች ትሄድና እዚህም እዚያም ጣት የሚያክል ቅርንጫፍ ቀጥ አድርጋ ታቆማለች። ሊኮፖዲዬላ ትባላለች። ጎረቤታቸው ጅሎ "ሰው ስለ ፍየል ዋጋ በሚያወራበት አገር ይሄ ምን የሚሉት ጨዋታ ነው?" እያለ ያሾፍባቸዋል፤ ግን እሱም እስከ መጨረሻው ያዳምጣል።

በወጣትነታቸው አዲስ አበባ፣ የደረቁ እፅዋት በሚቀመጡበት ክፍል ይሠሩ ነበር። ከየአገሩ የመጣውን ተክል ጋዜጣ መሃል አድርገው ይጫናሉ፤ ጋዜጣውን በየማለዳው ይቀይራሉ። ያቺ የረግረግ ተክል ውሃዬን አልለቅም ብላ ስንት ጋዜጣ አስፈጀቻቸው! ስትደርቅ ወፍራም ወረቀት ላይ በመርፌና ክር የምትሰፋት የሥራ ባልደረባቸው ወርቅአየሁ ነበረች። እሳቸው ከእርጥቡ ጋዜጣ ላይ የከረመ የኳስ ውጤት ጮክ ብለው ያነቡላታል፤ እሷ እየሳቀች ትሰፋለች። የተጋቡትም በዚያው ነው። ዘመኑ ለአገሩ ክፉ ነበር፤ እዚያች ክፍል ውስጥ ግን ደስታ ነበረ።

በ1983 መንግሥት ሲለወጥ እንደ ብዙው ሰው ወደ ኬንያ ሸሽተው ዋልዳ የስደተኞች መጠለያ ገቡ። ወርቅአየሁ ሳሌምን በወለደች በሳምንቷ እዚያው አረፈች። ሻንጣቸው መንገድ ላይ ጠፍቶ ስለነበር ፎቶዋ እንኳ አልተረፈም። ሳሌም ዛሬ በገበያው የታወቀች ልብስ ሰፊ ናት፤ እናቷን ግን የምታውቃት በአባቷ ወሬ ብቻ ነው። ጋሽ አሰግድ ደግሞ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የሚስታቸው ፊት እየደበዘዘባቸው ነው። ለማንም አልተናገሩም እንጂ ይህ ነገር እንቅልፍ ነስቷቸዋል። ወሬ ያበዙትም ለዚሁ ይመስለኛል።

ባለፈው ሰኔ ብራያን የሚባል መምህር ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ፣ የደረቁ እፅዋት ከነመዝገባቸው ፎቶ ተነስተው ኢንተርኔት ላይ እንደሚገኙ ለሳሌም ነገራት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስልኳን ይዛ አባቷ አጠገብ ቁጭ አለች። የተክሏን ስም ጻፈች። ጋሽ አሰግድ መነጽራቸውን ደጋግመው ወለወሉ።

"ቶሎ በይ እንጂ!"

"ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ በል አባዬ፣ ኔትወርኩ ነው።"

የመጀመሪያው ወረቀት ተከፈተ። ሰብሳቢው፣ ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑ ተጽፏል። ተክሏ ግን የተለጠፈችው በሙጫ ነው። ሁለተኛውም እንደዚያው። የጋሽ አሰግድ ፊት ጠቆረ።

"በቃ፣ ክሩን ፈተው አጣብቀውታል። ዝጊው።"

ሳሌም አልዘጋችም። ቀጣዩ በ1979 ማሻ አጠገብ ካለ ረግረግ የተወሰደ ነበር። በጣቶቿ አጎላችው። ክር! ዕድሜ ያገረጣው ነጭ ክር። የጋሽ አሰግድ እንባ ዝርግፍ አለ። ያን ዓመት እዚያ ክፍል ውስጥ ከወርቅአየሁ በቀር መርፌ የሚይዝ ሰው አልነበረም። መዝገቡ ላይ ስሟ የለም፤ የሰፊ ስም ማን ይጽፋል!

ሳሌም ግን አላለቀሰችም። ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ታያለች፤ ጣቶቿም ሳታስበው ባየር ላይ አብረው ይቋጥራሉ።

"አባዬ፣ እማዬ ግራኝ ነበረች እንዴ?"

ጋሽ አሰግድ ከስልኩ ቀና ብለው አዩዋት።

"ክሩን የጠመዘዘችው በተቃራኒው ነው። እኔም እንዲሁ ነው የምቋጥረው። በቀኝ የሚሰፋ ሰው እንዲህ አይመጣለትም።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። በስተግራዋ ተቀምጠው ሲያነቡላት ክንዷ ሲገጫቸው ትዝ አላቸው። "ዞር በል አንተ፣ አላሰፋ አልከኝ" ስትል ድምጿን ሰሙት፤ ከዚያ ድምጽ ጋር ፊቷም መጣ።

"አዎ፣ ግራኝ ነበረች" አሉ። "ረስቼው ነበር፣ ልጄ።"

ሳሌም ስልኩን አስቀመጠችና የገዛ ግራ እጇን ታየው ጀመር።