የጥሬ ፓፓያ ወተት

በደርግ ጊዜ ታላቅ ወንድሜ ከጦር ግንባር ጠፍቶ ሐዋሳ ሲገባ እግሩ ቆስሎ ነበር። ሆስፒታል ብንወስደው መያዙ ነው፤ ቤት ብናስቀምጠው ደግሞ ቁስሉ መግል ይዞ መሽተት ጀምሯል። እናቴ ግራ ሲገባት ጎረቤታችን የነበሩትን ቁስል አካሚ ድሬሰር በድብቅ ጠራቻቸው።

«እትዬ፣ መድኃኒት የለኝም» አሏት። «ጓሮዎ ያለውን ጥሬ ፓፓያ ፍቀው ይለጥፉበት። ወተቱ የሞተውን ሥጋ ያነሳል፣ ጀርሙንም ያዳክማል።»

ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወደ ጓሯችን የሚመጡት ጦጣዎች ፓፓያውን ጥሬ ሳለ የማይነኩት ያው ወተት አፋቸውን ስለሚያቃጥል ነበር። ሲበስል ግን ወተቱ ይጠፋል፣ ሽታውም ይጠራቸዋል።

እናቴ ስትለጥፍለት ወንድሜ ጩኸቱ ውጭ እንዳይሰማ ነጠላዋን ይነክስ ነበር። ቁስሉ ገና መጥራት ሲጀምር ከቀሩት ፍሬዎች ጥቂቶቹ ቢጫ ሆኑ። አንድ ጠዋት ጦጣዎቹ ዛፉን ወረው፣ ጥሬዎቹንም ጭምር ቦጫጭቀው ጥለው አገኘናቸው። እናቴ ድንጋይ እየወረወረች «ልጄን ገደላችሁት!» ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

እኔ ከከተማው ወጣ ብላ እስካለችው ቱላ ድረስ ሄጄ ለምን እንደምፈልገው ሳልናገር በየደጁ ጥሬ ፓፓያ ለመንኩ። ብዙዎቹ ሳቁብኝ። አንዲት እናት ግን ፊቴን አይተው ምንም ሳይጠይቁ ቆርጠው ሰጡኝ።

ወንድሜ ዳነ። ሆኖም ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ከጓዳ አልወጣም።