ብርዝ በሁዳዴ

ሁዳዴ ሲገባ ስድስተኛ ወሬን ይዤ ነበር። እኔና ባሌ የምንኖረው እንጅባራ፣ እናቱ ቤት ነው። ጠዋት ድንች በዳቦ በልቼ ብዙም ሳልቆይ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀኛል፣ ዓይኔ ይጨልማል። አማቴ ይህን ሲያዩ ይደነግጡና ወንድማቸው ከግምጃ ቤት ከተማ የሚልኩላቸውን ማር በውሃ በጥብጠው፣ በትልቅ ብርጭቆ ሙሉ ብርዝ ይዘው ይመጣሉ።

«አፈር ስሆን ልጄ፣ ጨልጪው። ደም ይሆንሻል።»

እጠጣዋለሁ። ለጥቂት ጊዜ ነፍሴ መለስ ትላለች። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ግን ከበፊቱ በባሰ እዝለፈለፋለሁ። እሳቸውም ሌላ ብርጭቆ ይበጠብጣሉ።

ምክንያቱን በዚያ ቤት የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ዐረብ አገር ስሠራ ከመጠን በላይ ወፍሬ ጉልበቴ አልሸከም ሲለኝ፣ ጨጓራዬን የእንቁላል ያህል አሳንሰው ከአንጀቴ ጋር ቀጥለውልኛል። ሐኪሙ ጣፋጭ ነገር እንዳልቀምስ አስጠንቅቆኛል፤ የደሜን ስኳር ሽቅብ ያወጣውና መልሶ ቁልቁል ይፈጠፍጠዋል። ካረገዝሽ ለሚመረምሩሽ ሁሉ ተናገሪ ብሎኛል። እኔ ግን ለባሌም ለእናቱም የሐሞት ጠጠር አስወጣሁ ነው ያልኳቸው። ወፈር ማለት ተመቻት በሚባልበት አገር፣ ለመክሳት ብላ ሆዷን ያስቀደደች ምራት! በምን አፌ? ደግሞም እልኸኛ ነኝ፤ አንዴ የዋሸሁትን እስከ መጨረሻው አስታምመዋለሁ።

የሚበጀኝ እንቁላልና ወተት ነበር፣ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። ለእርጉዝ ይፈቀዳል፤ ግን በሁዳዴ እንቁላል ቀቅሉልኝ ብል ለምን እባላለሁ። የጎረቤት ዶሮ ስታስካካ እንባዬ ይመጣ ነበር። ሽንት ቤት ገብቼ ጣቴን እየወጋሁ በደበቅሁት መለኪያ ስኳሬን አያለሁ። አርባ ስምንት። አርባ አምስት። ከስልሳ መውረድ አልነበረበትም። የመጀመሪያው ፅንስ በሦስት ወሩ ወርዶብኛል። ይኼኛውንም በገዛ ዝምታዬ እየገደልኩት እንደሆነ እያወቅሁ መለኪያውን ጠቅልዬ እወጣለሁ። ራሴን እጠላው ነበር።

ከዚያ ለክትትል ዳንግላ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድን። ሚኒባሱ ውስጥ አማቴ እጄን አልለቀቁኝም። ነርሷ የእርግዝና ስኳር እንዳለብኝ ለማየት ስኳር የተበጠበጠበት ብርጭቆ ሰጠችኝ፤ ከጠጣሁት በኋላ ደም ልትወስድ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። አማቴ ከጎኔ ሆነው «በአንድ ትንፋሽ፣ ልጄ» አሉኝ።

ጠጣሁት።

ዓይኔን ስገልጥ አልጋ ላይ ነኝ፤ ክንዴ ላይ ጉሉኮስ ተሰክቷል። ነርሷ ሆዴ ላይ መሣሪያ አድርጋ የልጁን የልብ ምት ትፈልጋለች። አጣችው። ቦታ ቀየረች። አሁንም አጣችው። አማቴ ሲጨንቃቸው እንደሚያደርጉት ወደ አገውኛ ገብተው ፈጣሪያቸውን ይማጠናሉ። እኔ ቋንቋውን አልሰማም፤ ልመናው ግን ገባኝ።

«የሐሞት ጠጠር አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። «ለመክሳት ብዬ ጨጓራዬን ነው ያስቆረጥኩት። ጣፋጭ ነው የሚጥለኝ። ብርዙ ነው!»

ነርሷ ዝም በሉ ብላ እጇን አነሣች። ምቱ ተሰማ፣ ፈጣን፣ ደከም ያለ። «አለ» አለች። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

አማቴ እልል አላሉም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ያያሉ።

«ስንት ጊዜ አጠጣሁሽ?» አሉኝ።

«አላስታውስም፣ እማማ።»

አስታውስ ነበር።

በማግስቱ፣ ሁዳዴው ሳይፈታ፣ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ልጠው አስቀመጡልኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው እስክጨርስ ጠበቁኝ። ስለ ውሸቴ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ልጄን በሰላም ወለድኩ። እሳቸው ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ አፈር ስሆን ብለው ምንም ነገር አቅርበውልኝ አያውቁም።