ሦስት ቀበሌ፣ አንዲት በቅሎ

ያን ዘመቻ ያዘዙት አለቆች መረጃውን አውቀው አጣመሙት ወይስ እነሱም ተሳስተው ነው እያሉ ሰዎች ሲከራከሩ እሰማለሁ። መረጃውን አጠቃልዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ዓመቴ፣ ከልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ስለዚህ አምቦ ውስጥ ባንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ስሆን አንዲት ነጠላ ሰረዝ እንኳ እንድታመልጠኝ አልፈልግም ነበር። ከቀበሌ በኦሮምኛ የሚመጣውን የጸጥታ ሪፖርት ወደ አማርኛ እመልሳለሁ።

አንድ ሳምንት ከደንዲ ወረዳ ሦስት ቀበሌዎች ሦስት ወረቀት መጣ። ሦስቱም በጭልሞ ጫካ ዳር የታጠቁ ሰዎች ታዩ ይላሉ። ሦስቱም ላይ የኋላ እግሯን የምታነክስ ነጭ በቅሎ አለች። እኛ አገር መንገድ ላይ የተገናኘ ሰው «ኦዱ?» ብሎ ወሬ ሳይጠይቅ አያልፍም፤ የሰማውንም በማግስቱ በዓይኑ እንዳየ አድርጎ ያወራዋል። ነገሩ ገባኝ። ያየው፣ አየ ከተባለም፣ አንድ ሰው ነው፤ ጊንጪ ገበያ ላይ ተወርቶ ሦስት ሆነ። ይህንኑ በዕድሜ ታናሼ ለሆነው ኃላፊዬ ነገርኩት።

«እትዬ፣ የተጠየቅነው የበቅሎ ሪፖርት አይደለም» አለና ሳቀ። ከላይ ቸኩለዋል፣ በቅሎዋን አውጪና አሳጥረሽ ስጪኝ አለኝ።

አወጣኋት። «ከሦስት ቀበሌዎች በተናጠል የተረጋገጠ» ብዬ ጻፍኩ። በተናጠል በይ ያለኝ የለም፤ አረፍተ ነገሩ ስላማረልኝ ነው ያስገባሁት። ብዙም ሳይቆይ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ጦር ለምን መግባት እንዳለበት በአንድ ስብሰባ ላይ ሲያስረዱ ያንኑ ቃል በቃል አነበቡት። ከኋላ ተቀምጬ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

ጦሩ ገባ። ወር ሳይሞላ አንድ ገበሬ ማመልከቻ ጻፊልኝ ብሎ መጣ። ጭልሞ ዳር የሚኖር ወንድሙ በዘመቻው ተይዞ የት እንደደረሰ አልታወቀም። እሱ በኦሮምኛ እየነገረኝ በአማርኛ ጻፍኩለት፤ አንድም ስህተት አልነበረበትም። ስጨርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አዴ፣ ሦስት ቦታ ታይተዋል አሉን። ማን ነው ያየው?»

«አላውቅም» አልኩት።

ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ እግዜር ያክብርሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ ብሎ መረቀኝ። አሜን አልኩ።