ስድብ የናፈቀው ካፔምብዋ

ካፔምብዋ ሙሶንዳ ይህን ታሪክ ሲያወራ ራሱን አይምርም። «ልጄ ሙታሌ ስልክ ስትገዛልኝ ብልህ ስልክ ነው አሏት፤ የሚይዘው ሰውዬ ሞኝ ከሆነ ምን እንደሚሆን ግን የነገራት የለም» ብሎ ይጀምራል። ዕድሜው ስልሳ አንድ ነው። ኪትዌ በምትባል የመዳብ ከተማ፣ ቺምዌምዌ ሰፈር ውስጥ ማቀዝቀዣ ይጠግናል። ከዚያ በፊት ሃያ አምስት ዓመት የመዳብ ማዕድን ማውጫ ውስጥ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት አገልግሏል። በዚህ ሁሉ ዘመን ከሰው ጋር ተጣልቶ አያውቅም፤ ስልኩ እስኪመጣ ድረስ ማለት ነው።

በሰፈሩ ቧንቧ ውሃ የሚመጣው ሲያሻው ስለሆነ፣ የመንገዱ ነዋሪዎች አንድ የዋትሳፕ ግሩፕ አላቸው። አባላቱ ስልሳ አራት ናቸው፣ የግሩፑም ሥራ አንድ ብቻ ነው። ቧንቧው ሲንጠባጠብ ቀድሞ ያየ ሰው «መጣ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው ባልዲውን ይዞ ይሮጣል። የተቃዋሚው ፓርቲ ደጋፊ የሆነው ካፔምብዋ ግሩፑ ውስጥ የገባው አገሩ ምርጫ የምታካሂድበት ዓመት ሲጋመስ ነበር፤ እንደገባም በግሩፑ ሥራ ላይ ፖለቲካ ጨመረበት።

ጎረቤቱ ወይዘሮ ምዋንሳ አንገቷ ላይ ላባ የሌላት ቡናማ ዶሮ ጠፋችብኝ ብላ ብትጽፍ፣ «በእናንተ መንግሥት የጠፋው ዶሮ ብቻ ነው?» ብሎ መለሰላት። ምስኪኗ ሴት ዶሮዋን እንጂ መንግሥት አልፈለገችም። ፓስተሩ የመዘምራን ልምምድ ወደ ሐሙስ መዛወሩን ቢያሳውቅ፣ ሕዝብ ሳይጠየቅ ቀን መቀየር ከማን እንደተማሩት ጠየቀ። ከሌላው ወገን ደግሞ መላሽ አይጠፋም፤ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ይመልሳል፣ በመሃል ውሃው መጥቶ ይሄዳል። የካፔምብዋን ጣት ግን ሌት ተቀን ይበላዋል። ሚስቱ የሙታሌ እናት ንሺማው፣ የበቆሎ ገንፎው፣ ፊቱ ተቀምጦ ሲቀዘቅዝ እያየች፣ «ከእንግዲህ የምትጨቃጨቃቸው ሰዎች ምሳ ይሥሩልህ» አለችው። እሱም እየበላ መጻፍ እንደሚቻል ደረሰበት።

ከግቢው ግንብ ወዲያ ማዶ የሚኖረው አናጢው ማቴዮ ጄሬ ነው። ጄሬ በብሔሩ ንጎኒ ነው፣ ካፔምብዋ ቤምባ ነው። የሁለቱ ወገን ቅድመ አያቶች ተዋግተው ሲታረቁ፣ ለልጅ ልጆቻቸው ያወረሱት መሰዳደብን ነው። ንጎኒው ቤምባውን በአለቃው ፊት፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ በለቅሶ ላይ እንኳ ቢሰድበው መብቱ ነው፤ ቤምባውም እንዲሁ። የተሰደበ ሰው ወይ ይመልሳል ወይ ይስቃል። መቀየም ግን የለም። ቤምባውን «ጦጣ በላ»፣ ንጎኒውን «አይጥ በላ» ማለት የተለመደው ስድብ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጄሬ በየማለዳው ከግንቡ በላይ ብቅ ብሎ፣ «አንተ ጦጣ በላ፣ ዛሬም ከዛፍ ሳትወድቅ አደርክ?» ይላል። ካፔምብዋም «አንተ አይጥ በላ፣ አንተስ ጉድጓድህ ተመቸህ?» ብሎ ይመልሳል። እንዲህ እየተባባሉ ልጆች አሳድገዋል፣ አንዱ ሲታመም ሌላው ሆስፒታል አድሯል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጄሬ ግሩፑ ላይ «ውሃ መጣ» ብሎ ጻፈ። ካፔምብዋ ባልዲውን እንደማንሳት ስልኩን አነሳ። ውሃው ራሱ የነ ጄሬን ፓርቲ ፈርቶ ተደብቆ እንደሚመጣ፣ ይህም ለአገር ውርደት እንደሆነ፣ አንድ ሙሉ ገጽ ጻፈ። ጄሬ ከእንጨት ሥራው ቀና ብሎ በአጭሩ መለሰ። «ያ ጦጣ በላ ዛፉ ላይ ወጥቷል። ባልዲ የያዛችሁ በሥሩ እንዳታልፉ።»

አሥራ ስድስት ሰው ሳቀ። ካፔምብዋ የሳቁትን ቆጥሯቸዋል። ይኸው ነገር ከግንቡ ላይ ቢነገረው ኖሮ ቀድሞ የሚስቀው እሱ ነበር። ያን ቀን ግን ከማያውቀው ሰው ጋር ከንጋት ጀምሮ ሲጨቃጨቅ ቆይቶ ደሙ ፈልቷል፤ ጄሬ ጄሬ መሆኑ ቀርቶ «ከነዚያ ወገን አንዱ» መስሎ ታየው። እንዲህ ብሎም ጻፈ። «ይህ በብሔሬ ላይ የተሰነዘረ የጥላቻ ንግግር ነው። ጽሑፉን ፎቶ አንስቼ ይዤዋለሁ። ለፖሊስ አቀርባለሁ።»

ቤምባ ሆኖ ንጎኒን ሰደበኝ ብሎ ለፖሊስ የሚከስ ሰው በሰፈሩ ቀርቶ በአገሩ ተሰምቶ አይታወቅም። ጥቂት ቆይቶ ጄሬ መለሰ። «ክቡር አቶ ሙሶንዳ፣ ስላስቀየምኩዎት ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

በማግሥቱ ከግንቡ በላይ ብቅ ያለው ባርኔጣ ወለቀ። «እንደምን አደሩ፣ ጌታዬ» አለ ጄሬ።

ካፔምብዋ መጀመሪያ ላይ፣ እንኳንም አከበረኝ ብሎ ራሱን ሊያታልል ሞክሮ ነበር። በሦስተኛው ቀን ክብሩ አሳመመው። ነገር ለመፈለግ በግንቡ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ዛሬ ስንት አይጥ እንደበላ ጠየቀው። ጄሬ ባቄላ መብላታቸውን በትሕትና ነግሮ፣ ስለ ጠየቁኝም አመሰግናለሁ አለው። ካፔምብዋ ተስፋ አልቆረጠም። ከንጎኒዎቹ አገር ከቺፓታ ከመጣ መንገደኛ በስንጥር የተሰኩ የደረቁ አይጦች ገዝቶ በጄሬ በር ላይ ሰቀላቸው። ከሰዓት በኋላ አይጦቹ በንጹሕ ሳህን ላይ ተደርድረው፣ ነጭ ጨርቅ ለብሰው ተመለሱ። «ዕቃዎ በስህተት ወደ እኛ ግቢ ገብቶ ነው፣ ጌታዬ።» የሙታሌ እናት ያን ቀን ወደ ጓዳ ገብታ እንደሳቀች ካፔምብዋ ያወቀው ቆይቶ ነው።

ይቅርታ መጠየቅ ይችል ነበር። ችግሩ የዛተው በስልሳ አራት ሰው ፊት መሆኑ ነው። ግማሾቹ ደግሞ ከሌላው ወገን ናቸው፤ ይቅርታ ካለ ምርጫውን የተሸነፈ መሰለው። በቀን አርባ ነገር የሚጽፈው ጣት ይህቺን አንዲት ቃል ሲጽፍና ሲያጠፋ ስድስት ሳምንት አለፈ።

በስድስተኛው ሳምንት ታላቅ እህቱ ሙኩካ አረፈች። እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት። የጄሬ ዋና የስድብ ባላጋራም እሷው ነበረች፤ በገዛ ልጁ ሠርግ ላይ ባርኔጣውን ነጥቃ ለውሻ ያጠለቀች ሴት ናት። ከማረፏ ሁለት ቀን በፊት ካፔምብዋን እጁን ይዛ፣ «መቃብሬ ላይ ያ አይጥ በላ ይምጣልኝ። በዝምታ እንዳትቀብሩኝ» አለችው። ስለ ፖሊሱ ነገር አልሰማችም ነበር። እሱም ሊነግራት አፈረና «እሺ» አላት።

ወጉ የታወቀ ነው። ሬሳው ወደ ጉድጓዱ ከመውረዱ በፊት የስድብ ዘመዱ ይመጣና መንገድ ይዘጋል። ሟቹን ያማል፣ ቤተሰቡን ያሾፍባቸዋል፣ ካሳ ይጠይቃል፣ ሰው እስኪስቅ አያሳልፍም። ያ ያልተደረገለት ሟች ዘመድ እንደሌለው ይቆጠራል።

ጄሬ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣ። የካፔምብዋን እጅ በሁለት እጁ ይዞ «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ ጌታዬ» አለና ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆመ። ፓስተሩ ጸሎቱን ጨረሰ። ገመድ የያዙት ሰዎች ጄሬን አዩ፤ ሴቶቹም ለቅሷቸውን ገታ አድርገው አዩት። ጄሬ ባርኔጣውን ይዞ መሬት መሬት ያያል። ፓስተሩ ሁለት ጊዜ ሳለ። ከዚያ ሌላ ምንም አልተሰማም። ካፔምብዋን ሆድ ባሰው። እህቱ በዝምታ ልትቀበር ነው፤ የሚያስቀብራትም እሱ ነው።

እጁን ኪሱ ከቶ ስልኩን አወጣ። የሙታሌ እናት ክንዱን ያዘችው። «እዚህም?» አለችው ጥርሷን ነክሳ። እሱ ግን ጻፈ።

መቃብሩ ዙሪያ፣ ከየኪሱና ከየቦርሳው ስልኮች ጮኹ። ከፓስተሩ ልብስ ውስጥ ሳይቀር አንድ ጮኸ። ጄሬ መነጽሩን ፈልጎ አጠለቀና ስልኩን ከፊቱ አርቆ አነበበ። «እኔ ካፔምብዋ ሙሶንዳ ጦጣ በላ ነኝ። ዛፍ ላይ ወጥቼ መውረድ አቅቶኛል። ፖሊስ ያልኩት በሞኝነቴ ነው፣ ይቅርታ። ማቴዮ፣ እህቴን በዝምታ አታስቀብረኝ።»

ጄሬ ሁለት ጊዜ አነበበው። «ዓይኔ ደክሟል፣ ጌታዬ» አለ። «በአፍዎ ይንገሩኝ።»

ካፔምብዋ በፓስተሩ ፊት፣ በወይዘሮ ምዋንሳ ፊት፣ ሲሰድባቸውና ሲሰድቡት በከረሙት ሰዎች ሁሉ ፊት፣ «ጦጣ በላ ነኝ» አለ።

«ሴቶቹ አልሰሙም።»

«ጦጣ በላ ነኝ አልኩህ እኮ።»

ጄሬ ባርኔጣውን ለፓስተሩ አስያዘና ከነሙሉ ልብሱ የጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቁጭ አለ። እግሮቹን ወደ ውስጥ አንጠለጠለ። «ማንም አይወርድም» አለ። «ይህቺ ሴትዮ ባርኔጣዬን ለውሻ አልብሳብኛለች። ሙኩካ፣ ደግሞ ያሳደግሽውን ወንድምሽን እዪው። ስልክ ሰጡትና፣ መስታወት ያገኘ ጦጣ ሆኖ አረፈው። የራሱን መልክ አይቶ ፖሊስ ጠራ።»

ወይዘሮ ምዋንሳ ቀድማ ሳቀች፤ ከዚያ ገመድ የያዙት ሳቁ፣ ፓስተሩ ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ። ካፔምብዋም ሳቀ። ሲስቅ እንባው መጣ፤ እህቱ ካረፈች ጀምሮ ያለቀሰው ያኔ ገና ነው። ጄሬ ካሳ ብሎ የጠየቀው ስልኩን ነበር፤ እስከ እሑድ ኪሱ ውስጥ ያሳድረዋል። ካፔምብዋ ሳያመነታ ሰጠው።

ከዚያ ጄሬ እንዲያነሳው እጁን ዘረጋለት። ጉልበቱ አርጅቷልና ካፔምብዋ ብዙ ሳበው። ሲቆም አፉን ወደ ጆሮው አስጠጋ።

«ስድስት ሳምንት ሙሉ ጌታዬ ስልህ ታመምኩ» አለው። «ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርገኝ።»

ካፔምብዋ አፈሩ ተመልሶ እስኪያልቅ ድረስ እጁን አልለቀቀውም።