ዳርና ዳሩ የታሸ ጎማ

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ «ነፋሱ» ይለዋል። መቀስ ሲይዝ ግን ቀስ ብሎ ነው፤ ጢሙን ሊላጭ የገባ ሰው እንቅልፍ ወስዶት እስኪነቃ ድረስ አይጨርስም። ስሙን ያገኘው ከሞተሩ ነው። አራት መቶ ሲሲ በሆነች ቀይ የስፖርት ሞተር ኩርባ ላይ ሲተኛ ጉልበቱ አስፋልቱን ሊነካ ትንሽ ነው የሚቀረው፤ ያዩት ሁሉ አፋቸውን ይይዙ ነበር።

ሰው ባለው መች ይረካል! ጓደኞቹ ተራ በተራ ጉልበተኛውን ሺህ ሲሲ ሞተር ገዙ። ቀጥታው መንገድ ላይ ጥለውት ሲያልፉ «አይዞህ፣ ምሳ ላይ እንገናኛለን» እያሉ ይቀልዱበታል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንደሚባለው፣ እሱም ቀይዋን ሸራ አልብሶ ግቢ አቆማትና ሺውን ገዛ።

ሺው ግን ሌላ ፍጥረት ሆነበት። ቀይዋ ቀላል ስለሆነች ሲያጋድሏት እሺ ብላ ትተኛለች። ጉልበቷ ትንሽ ስለሆነ ደግሞ ኩርባው ውስጥ ፍጥነቷን እንደያዘች መውጣት አለባት፤ ጎማዋም ከመሃል እስከ ዳር እኩል ያልቃል። ሺው ከባድ ነው፤ ተጋደል ሲሉት ይከራከራል። ከተጋደለ በኋላም ጋዙን ትንሽ ከነኩት የኋላ ጎማው ይንሸራተታል። አንድ ቀን እንዲህ ተንሸራቶበት ለጥቂት ተረፈና ከዚያ ወዲህ ሐሞቱ ፈሰሰ። ኩርባውን እንደ አውቶቡስ ቀጥ ብሎ ይዞራል፤ እልሁን የሚወጣው ቀጥታው ላይ ጋዙን እስከ መጨረሻ በመክፈት ነው። የኋላ ጎማው መሃል መሃሉን ተላጠና ጠፍጣፋ ሆነ፤ ዳርና ዳሩ ግን ከሱቅ እንደወጣ ነው። ጠፍጣፋ ጎማ ደግሞ መተኛትን ይበልጥ እምቢ ይላል፤ እሱ እምቢ ባለ ቁጥር የነፋሱ ፍርሃት ይብሳል።

በሞተረኞች ዘንድ ያልተነካ የጎማ ዳር ኩርባ ላይ መተኛት የፈራ ሰው ምልክት ስለሆነ ትልቅ ነውር ነው። ቆመው ሲያወሩ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ነፋሱ ምን አደረገ? ፀጉር ቤቱን ዘግቶ፣ አስፋልት የነካው እንዲመስል ዳርና ዳሩን በብርጭቆ ወረቀት አሸው። ጓደኞቹም አይተው አሞገሱት፤ እሱ ግን ሙገሳው አልዋጥልህ አለው።

ጎማ የሚቀይሩለት አማቱ ናቸው። ባላቸው በሞተር አደጋ ከሞቱ ወዲህ የጎሚስታ ሱቁን ብቻቸውን ይዘውታል፤ ምላሳቸውም ክንዳቸውም ጠንካራ ነው። እሁድ ጓደኛሞቹ ተራራውን ሊወጡ ተቀጣጥረዋል። ነፋሱም በዚያ ቀን የመጣው ይምጣ፣ ሺውን ኩርባ ላይ አስተኛዋለሁ ብሎ ምሏል። ዓርብ አዲስ ጎማ ሊያስገጥም ሱቁ የመጣው ለዚሁ ነበር።

አማቱ ቸርኬውን ፈትተው መሬት ላይ አጋደሙት። መዳፋቸውን በጎማው ዳር አሳለፉ፤ ደግመው አሳለፉ። አስፋልት የበላው ጎማ ጥቅልል ያለ ፍርፋሪ ይተዋል፤ ወረቀት ያሸው ግን ደረቅ ነው።

«በምን አሸኸው?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«በብርጭቆ ወረቀት ነው እማማ» አለ፤ ድምፁ ለራሱም በቅጡ አልተሰማውም። አሁን ይስቁብኛል፣ ለልጃቸውም ይነግሩብኛል ብሎ ጠበቀ።

አልሳቁም። ቁጭ ብለው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

«የልጄ አባት ግን አላሸም» አሉ። «እሱም ትልቅ ገዛ፤ እሱም ፈራ፤ ጓደኞቹም ሳቁበት። በነጋታው ዳሩን በእውነት ሊያስነካ ሄደልህ። ጎማውን መልሰው አመጡልኝ፤ እስከ ጫፉ ተነክቷል፣ እንከን አታወጣለትም። ምነው ቁጭ ብሎ ባሸው ኖሮ እላለሁ እስከዛሬ።»

ይህን የነፋሱ ሚስት እንኳ አታውቅም።

«ለዚህኛው ሞተር አልገጥምም» አሉ አማቱ። «ቀይዋን አምጣት፣ ለሷ ልኳን እገጥምልሃለሁ። ትልቁን ቀስ ብለህ ትለምደዋለህ፤ ካልሆነም ትሸጠዋለህ። እሁድ ግን ለሰው አፍ ብለህ አትሙትብኝ።»

እሁድ ቀጥታው ላይ ሁሉም ጥለውት ሄዱ፤ እየሳቁም ሄዱ። ተራራው ሲጀምር ቀይዋ እንደ ድሮዋ ተኛችለት፤ ሁለቱን ኩርባ ውስጥ አለፋቸው፣ የቀሩትን አልደረሰባቸውም። ሳቃቸው አልቆረቆረውም። ቁልቁለቱን ሲወርድ ያሰበው እኚያን ሴት ብቻ ነው። ነውሩን በእጃቸው ዳስሰው አግኝተውት፣ ሊያዋርዱት ሲችሉ የራሳቸውን ቁስል ገልጠው አሳዩት። የገዛ እናቱ እንኳ ከዚህ በላይ ምን ታደርግለት ነበር?

ሲመለስ አማቱ ሱቁ በር ላይ ተቀምጠዋል። እሁድ ሱቁ ዝግ ነው። ነፋሱ ሞተሩን አጥፍቶ ሄልሜቱን አወለቀ።

«ዕድሜ ይስጥልኝ እማማ። ዛሬ በደህና የተመለስኩት በእርስዎ ነው» አለ።

እሳቸው ከራሱ እስከ እግሩ አዩት። ጎማውን ዞር ብለውም አላዩት።

«ፈሪ ለእናቱ ሲሉ እሰማ ነበር» አሉ። «ለአማቱም መሆኑን ዛሬ አየሁ።»

ከዚያ እንዲያነሳቸው እጃቸውን ዘረጉለት፤ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ተቀምጠው እግራቸው ደንዝዞ ነበር።