የቡሬው ሰው ሰንሰለት

ፍኖተ ሰላም ከቤቴ አጥር ማዶ አንድ ጎረቤት የኑግ ዘይት መጭመቂያ ከተከለ ወዲህ፣ ጠዋት ጠዋት ሽታው እስከ አልጋዬ ድረስ ይመጣል። ሌላው ሰው ሽታው ሲደርሰው ወጥ ያምረዋል። እኔ የሚታየኝ የጋለ ሰንሰለትና የሚበር ሰጋቱራ ነው። ሳቁብኝ፣ ግድ የለም። በወጣትነቴ ከዚህ እስከ ቡሬ ባለው አገር የሞተር መጋዝ የነበረን ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ ከሁለቱ አንዱ እኔ ነኝ።

የስልሳዎቹ መጀመሪያ ነው። የመንገድ ሥራው ካምፕ ሲነሳ ያረጁ ዕቃዎቹን ሸጠ። እኔ ቢጫውን መጋዝ ገዛሁ፤ ከኔ አሥር ዓመት የሚበልጥ አንድ የቡሬ ሰው ደግሞ ቀዩን ገዛ። ሰውየው የአገው ተወላጅ ነው። ከእናቱ ጋር በአገውኛ ሲጫወት ሰምቼዋለሁ፤ ከኛ ጋር ግን ከሚያስፈልገው በላይ አንዲት ቃል አይጨምርም ነበር። ፊት ለፊት "አያ" እያልኩ አንቱ እለዋለሁ፤ ዞር ሲል "የቡሬው" ነው። እኔ በበኩሌ ለሁለታችንም የሚበቃ ወሬ ነበረኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ማንኩሳ ላይ እንገናኛለን። የካምፑ የቀድሞ መካኒክ እዚያ አንዲት ቆርቆሮ ቤት ነበረችው፤ ዳኛችንም አስተማሪያችንም እሱ ነው። የሞተሩን እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትቶ ጫፉን ለፀሐይ ያሳየናል፤ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ከጠቆረ ቤንዚኑ ላይ ዘይት በዝቷል። የማን መጋዝ ይከብዳል፣ የማን ይንቀጠቀጣል፣ የማን በአንድ ጉተታ ይነሳል፤ ስንከራከር እንውላለን። ከበሩ ፊት የደረቀ የዋንዛ ግንድ ተጋድሟል። ተራ በተራ እንቆርጣለን፣ መካኒኩ ጮክ ብሎ ይቆጥራል፣ የገበያው ሰው አህያውን እያቆመ ያያል። የሞተሩ ጩኸት ከቆመ በኋላ ጆሮ ውስጥ የሚቀረው ፉጨት እስከ ማታ አይለቅም ነበር።

ሁልጊዜ የማሸንፈው እኔ ነበርኩ። ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ቢጫው ጉልበታም ነበር፣ የሱ ቀይ ግን ፒስተኑ ተበልቶ ቶሎ ይደክማል። ሆኖም የቡሬው ሰው ሰንሰለት ሲሞርድ የሚቆሙ ሰዎች ከውድድሩ ተመልካች አያንሱም ነበር። ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ መጋዙን በጉልበቱ መሃል ይይዛል፣ ሞረዱን ወደ ፊት ብቻ ይገፋል። ለያንዳንዱ ጥርስ ሦስት ምት። አሥራ ስምንት ጥርስ በግራ፣ አሥራ ስምንት በቀኝ። ከዚያ ወደ ፀሐይ ያዞረዋል፤ የደነዘ ጥርስ ብልጭ ይላል፣ የተሳለ ጥርስ ብርሃን አይመልስም። አንዲት ጥርስ ብልጭ ካለች እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። እኔ በቀኝ እጄ ስለምበረታ አንዱን ጎን አብዝቼ እሞርደዋለሁ፤ ለዚህ ነው ቆረጣዬ ሁልጊዜ ወደ ግራ የሚያዘነብለው።

"እንጨትህ ያነክሳል እኮ" ይለኛል።

"እያነከሰም ይቀድማል፣ አያ።"

ፈገግ ይላል፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል። ለሰንሰለቱ በምንሰጠው ዘይትም አንስማማም ነበር። እሱ ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት በጨርቅ አጥልሎ ይሞላል። እኔ የራሴን ብልሃት አግኝቻለሁ፤ የኑግ ዘይት። በአገራችን ሞልቷል፣ ያሙለጨልጫል፣ ልብስ አያጠቁርም፣ ሽታውም ደስ ይላል። ለሰማኝ ሁሉ አስተምር ነበር። "ኑግ ተቀምጦ ሲቆይ ሙጫ ይሆናል፣ ተው" ብሎኝ ነበር። አልተውኩም።

ያን ዓመት ክረምቱ እንደወጣ፣ ቡሬ አጠገብ ያለ አንድ ደብር ቤተ ክርስቲያኑን ሊያድስ ተነሳ። በአጸዱ ውስጥ ቆሞ የደረቀ ትልቅ ዝግባ ነበር፤ ምሰሶውም ማገሩም ከሱ እንዲወጣ ካህናቱ ጸሎት አድርሰው ፈቀዱ። ችግሩ ዛፉ ወደ ቤተልሔሙ፣ የቅዳሴው ኅብስት ወደሚጋገርባት ወደዚያች ትንሽ ቤት ያዘነበለ መሆኑ ነው። ቆረጣው ከጠመመ ዛፉ ተጠማዞ እላይዋ ላይ ይወድቃል። ደብሩ የቡሬው ሰው የተጠመቀበት ነው፤ አባቱም እዚያው ተቀብሯል። የደብሩ ገበዝ ዘንድ ሄዶ "በነፃ ልቁረጠው" ብሎ እንደለመነ የሰማሁት ከመካኒኩ ነው። ገበዙ ግን የማንኩሳን ወሬ ሰምተዋል፤ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ይምጣ አሉ። ላኩብኝ። ስሄድ መንገዱን ሁሉ እያፏጨሁ ነው የሄድኩት።

ጠዋቱ ብሩህ ነበር፤ ሣሩ ላይ ጤዛ አለ፣ አደይ አበባው ገና አልረገፈም። ካህናቱ ጥላ ይዘው ቆመዋል፣ ወንዶቹ ዛፉ አናት ላይ የታሰረውን ገመድ ይዘዋል። የቡሬው ሰው ከገመድ ያዦቹ መሃል ነበር። ዛፉ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ችካል ተከልኩ፤ "ይችን ችካል ካልመታሁ መጋዙን ውሰዱት" አልኩ። ሰው ሳቀ። የሞተሩን ገመድ ጎተትኩ፣ ቢጫው ባንድ ጊዜ ተነሳ። ቤንዚን ስሰጠው ጮኸ፤ ሰንሰለቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ጨመርኩለት፣ ጭስ ወጣ። አጠፋሁት። ክረምቱን ሙሉ ሳልነካው ተቀምጦ ኑጉ በሰንሰለቱ መጋጠሚያ ሁሉ ደርቆ እንደ ሙጫ ይዞታል። በቢላዋ ፋቅሁት፣ በቤንዚን አጠብኩት፤ ምንም። ገበዙ "ምነው ልጄ?" አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ሰንሰለቱን በጣቴ መጎተት ቀጠልኩ።

የቡሬው ሰው ገመዱን ለጎኑ ሰው አቀብሎ ወጣ። ቤቱ ቅርብ ነበር። ሲመለስ የራሱን ሰንሰለት በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ዘይቱን በጣሳ ይዞ መጣ። መጋዞቹ ከአንድ ካምፕ የወጡ ስለሆኑ ሰንሰለታቸው ልኩ አንድ ነው፤ ማንኩሳ ላይ ለክተነዋል። አጠገቤ ተንበርክኮ የኔን አወለቀ፣ የሱን አለበሰ፣ ኑጉን ደፍቶ ዘይቱን ሞላ። ቀና ሳይል፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ እንዲህ አለኝ፦

"የኔ ሞተር ለዚህ ግንድ ትንፋሹ ያጥረዋል። ያንተ ይችለዋል። ብቻ አትጫነው፤ ራሱ ይበላል።"

ራሱ በላ። እንደዚያ ያለ ቆረጣ ኧረ ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ አላየሁም። እጄ ላይ ምንም ትግል አልነበረም፤ መጋዙ ቀጥ ብሎ ገባ፣ ሰጋቱራው እንደ ሽሮ ሳይሆን እንደ ፈትል ረጅም ረጅሙን ወጣ፣ የዝግባው ሽታ አጸዱን ሞላው። ዛፉ ቀስ ብሎ ዘንበል አለ፣ ገመዱ ተሳበ፣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ችካሏ የት እንደገባች አልታየችም። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ቤተልሔሟ ላይ ቅርንጫፍ እንኳ አልደረሰም።

ገበዙ መዝገባቸውን ይዘው መጡ። እዚያ አገር ለደብሩ ያገለገለ ሰው ስሙ ተጽፎ በየዓመቱ በንግሡ ቀን በጸሎት ይነሳል፤ የሚጻፈውም ሰው የሚጠራበት ስም ሳይሆን የክርስትና ስሙ ነው። "የክርስትና ስምህ ማን ነው?" አሉኝ። ሰዉ ሰንሰለት ምን እንደሆነ የት ያውቃል፤ ሰውየው የረሳሁትን ዕቃዬን ያመጣልኝ መስሎታል። እውነቱን ልናገር ነበር። እልልታው ጣፍጦኝ ነበርና የራሴን ስም ነገርኳቸው። የቡሬው ሰው ጎንበስ ብሎ ሰጋቱራ ያፍስ ነበር፤ ከአጸዱ ምንም ነገር አይወጣምና ሰጋቱራውም ለግንባታው ጭቃ ይቀመጣል። በሩ ጋ ልብሳችንን አብረን አራገፍን።

"ሰንሰለቱን ላውልቅልዎ፣ አያ?" አልኩት።

"ይቆይ፤ ለምዶታል" አለኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ከደምበጫም ከሽንዲም እየመጡ ይወስዱኝ ጀመር። በሱ ሰንሰለት ሠራሁ፤ ተበልቶ እስኪያልቅ፣ ለያንዳንዱ ጥርስ ሦስት ምት እየሰጠሁ። ማንኩሳ ላይ ሁለት ሦስት ቅዳሜ ጠበቅኩት፣ አልመጣም። ኋላ ቀዩን ሸጦ ወደ ወምበርማ ቆላ እርሻ ወረደ ተባለ። ልሄድና ልነግረው፣ በደብሩም ፊት ልናገር አስብ ነበር። ዛሬ ነገ ስል ዓመታት ሄዱ፤ ወባ እንደገደለው ሰማሁ። አለቀስኩ። ያፈርኩት ደግሞ ካለቀስኩት ይበልጥ ነበር።

በዚያው ዓመት ለንግሡ ወደ ደብሩ ሄድኩ። ገበዙ አርፈው በቦታቸው ሌላ ካህን ተተክተዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ኑጉን፣ ሰንሰለቱን፣ ዝም ማለቴን። ስሜን ሰርዘው የሱን እንዲጽፉ ለመንኩ። "የተጻፈ አይሰረዝም፣ ልጄ፤ እሱን ከሥርህ እንጽፈዋለን" ብለው እስክሪብቶ አነሱ። "የክርስትና ስሙ ማን ነው?"

አላውቀውም። የሰንሰለቱን ጥርስ ስንት ጊዜ እንደሚሞርድ፣ ዘይቱን በምን ጨርቅ እንደሚያጠልል፣ ካንዴላው ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው አውቅ ነበር። ያን ሁሉ ቅዳሜ ስለ ራሴ መጋዝ ሳወራ አንድ ቀን አልጠየቅኩትም። በደብሩ ያለውን ሽማግሌ ሁሉ ጠየቅኩ፤ እናቱ ሞታለች፣ ያጠመቁት ካህንም የሉም፣ የቀረው ሰው የሚያውቀው የቤት ስሙን ብቻ ነው። ካህኑ ከስሜ በታች አንድ መስመር ክፍት ተዉልኝ።

አሁንም በየዓመቱ ለንግሡ እሄዳለሁ፤ ጉልበቴ ገና ነው። ስሞቹ ሲነበቡ ካህኑ የኔን ይጠሩና አንድ ትንፋሽ ያህል ቆም ይላሉ። ያኔ በልቤ በማውቀው ስም እጠራዋለሁ፤ ቀሪውን ባለቤቱ እግዜር ያውቃል።